ችግር ተኮር ትምህርት በስልክ፦ እጩ መምህራኖቻችን ለምንድነው ሁሉም አንድ አይነት መልስ ይዘው የሚመጡት?

ሰላም ለሁላችሁም። እጩ መምህራንን ነው የማስተምረው፣ ዘንድሮ ከኮርሱ ግማሹን ችግር ተኮር አድርጌ በስልክ እየሰጠሁት ነው፣ ማለት በየሳምንቱ ከክፍል ውስጥ የሚያጋጥም አንድ ችግር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እለቃለሁ፣ እነሱ በቡድን በቡድን ተወያይተው መፍትሄ ያመጣሉ። የታሰበው የፈጠራ አስተሳሰባቸውን እንዲያዳብሩበት ነው። የማየው ግን ሌላ ነው። ችግሩ በተለቀቀ ሩብ ሰአት ባልሞላ ጊዜ አንድ ጎበዝ ልጅ መልስ ይጽፋል፣ ከዛ አውራ ጣት፣ አውራ ጣት፣ ጭብጨባ፣ እኔም እስማማለሁ፣ አለቀ። ባለፈው ተማሪ በበዛበት ክፍል ከኋላ የሚቀመጡትን እንዴት ታሳትፋላችሁ ብዬ ጠየቅኩ፣ ከሁሉም ቡድን የመጣው አንድ ነው፦ በቡድን ማደራጀት፣ የቡድን መሪ መምረጥ፣ ተማሪ ተኮር ዘዴ መጠቀም። ፈተና ላይ ቢጽፉት ሙሉ ማርክ ያሰጣል፣ ግን ውስጡ አንድም አዲስ ነገር የለም። ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ፣ ስልኩ ነገሩን ያፈጥነዋል እንጂ ፈጠራ አይጨምርበትም፣ እንደውም ይቀንሰዋል። አይደለም የሚል ካለ እንዴት እንደሆነ ያስረዳኝ።

ይሄን ከለጠፍኩ በኋላ ክሩ (ከስር የሚመጣው የመልስ ሰንሰለት ማለቴ ነው) ረዘመ፣ ዘግይቶ የሚገባው ሰው በውስጥ መስመር ምን ላይ ደረሳችሁ እያለ ሲጠይቀኝ ጊዜ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እዚህ ሰብሰብ አርጌያቸዋለሁ። በመሀል የራሴን አስተያየት ጣል እያረኩ ነው፣ ዳኛ አይደለሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ። የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሰላምታቸው ብቻ ሶስት መስመር ይሆናል። በሳቸውም ክፍል ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ጻፉ፣ ነገር ግን ስልክ ሳይመጣ በወረቀት የቡድን ስራ በሚሰጡበት ዘመንም አንዱ ይሰራ ሌላው ስሙን ያስጽፍ ነበር፣ ስለዚህ ስልኩ የቆየውን ጉዳይ አደባባይ አወጣው እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም ባይ ናቸው። እኔ ቀነሰው ያልኩትን ግን አልነኩትም።

2ኛ። ይሄኛው እርማት ይዞ ነው የመጣው። ችግር ተኮር ትምህርት የሚባለው ካናዳ ሃሚልተን ያለው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ህክምና ትምህርት ቤት 1969 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል የተጀመረ መሆኑን፣ በኋላ ሃዋርድ ባሮውስ የተባለው ሐኪም ዘዴውን በደንብ እንዳብራራው ጻፈ። ዋናው ነገር ተማሪው ትምህርቱን ሳይማር በፊት በሽተኛውን ማግኘቱ ነው፣ መጀመሪያ ችግሩ ይመጣል፣ ከዛ ችግሩን ሲያይ ይሄንና ይሄን እንደማያውቅ ይገባዋል፣ ያንን ሊያነብ ይሄዳል። እኔ የለቀቅኩት ግን መልሱ ሞጁል ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ጥያቄ ስለሆነ በስልክ የተላከ የቤት ስራ ነው ይላል። ቀጠለና የሆላንዱ ማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ከ1974 ጀምሮ ሲሰራበት በሰባት እርምጃ እንደከፋፈለው ዘረዘረ፦ ያልገቡ ቃላትን ማጥራት፣ ችግሩን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ሀሳብ ማፍለቅ፣ ሀሳቡን ማደራጀት፣ ምን መማር እንዳለባቸው መወሰን፣ ለየብቻ ሄዶ ማንበብ፣ ተመልሶ መጥቶ ማካፈል። በሱ አስተያየት ስልክ የሚጠቅመው በተለይ ስድስተኛው ላይ ነው፣ ሰው ከቡድኑ ተለይቶ ብቻውን በሚያነብበትና በሚጠይቅበት ጊዜ፣ እኛ ግን ሰባቱንም እርምጃ አንድ ግሩፕ ውስጥ ጨምቀን በአንድ ምሽት እንጨርሰዋለን። ሞጁል ላይ መልስ ያለው ጥያቄ ሁሉ ችግር አይደለም መባሉ ትንሽ ይበዛል ብዬ ነበር የመለስኩለት፣ እሱም ትንሽ አለዘበው።

3ኛ። አንድ መስመር ናት። ስልክ ከመማሪያ ክፍል ይውጣ፣ በቃ።

4ኛ። ለ3ኛው ተብሎ የተጻፈ ነው። የስልክ መኖር ብቻውን አእምሮን ይሻማል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አስረዳ፣ 2017 ኤድሪያን ዋርድና ባልደረቦቹ ሰዎችን ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ፣ ኪሳቸው ወይ ቦርሳቸው ውስጥ ወይም ሌላ ክፍል አስቀምጠው ፈተና ሲያስፈትኑ ሌላ ክፍል የተዉት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ግን ከዛ በኋላ ሙከራውን የደገሙት ሰዎች ሁሉም ያንኑ አላገኙም፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ ተነስቶ ስልክ ይጣል ማለት ይከብዳል ብሎ ደመደመ። 3ኛው ሰው መልስ አልሰጠም፣ ጠፋ።

5ኛ። አንዲት እህት ፈጠራ ስትል ምን ማለትህ ነው ብላ ያዘችኝ። ጊልፎርድ 1950 የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማህበር ፕሬዝዳንት ሆኖ ባደረገው ንግግር ፈጠራ ይጠና ብሎ ካነሳሳ ወዲህ፣ በተለይ 1966 የወጣው የቶራንስ የፈጠራ ፈተና አራት ነገር ይለያል፦ ስንት ሀሳብ አመጣህ፣ ሀሳቦቹ ከስንት አይነት አቅጣጫ ናቸው፣ ሌላ ሰው ያላሰበው አለበት ወይ፣ እና ምን ያህል ዘርዝረህ አበለጸግከው። የሸክላ ጡብ ምን ምን አገልግሎት አለው ተብሎ ሲጠየቅ ቤት መስሪያ፣ አጥር መስሪያ፣ ምድጃ መስሪያ፣ ግንብ መስሪያ ያለ ሰው አራት ሀሳብ አለው ግን አቅጣጫው አንድ ነው፣ መገንባት። ወረቀት መጫኛ ያለው ግን በር ቀየረ። የኔ ተማሪዎች የጻፉትን በዚህ ብትመዝነው በቡድን ማደራጀት፣ መሪ መምረጥ፣ የቡድን ውድድር፣ ሁሉም ያው ቡድን ነው፣ ብዛት አለ አቅጣጫ የለም። ስለዚህ ከስልኩ ጋር ከመጣላቴ በፊት የቱ እንደጎደለ ልለይ ብላለች። ይሄን ሳነብ ድሮ ያረምኳቸውን መልሶች አውጥቼ በአራቱ ማየት ጀመርኩ፣ ሁለት አቅጣጫ ያለው ቡድን ማግኘት ራሱ ፍለጋ ነው።

6ኛ። ይሄኛው ከ5ኛዋ ጋር ግማሽ መንገድ ይሄዳል። አራቱ መለኪያዎች ጥሩ ናቸው ግን ስለ ጡብ ሀሳብ የሚያፈልቅ ሰው ሁሉ ክፍል ገብቶ አዲስ ነገር ይሰራል ማለት አይደለም ባይ ነው። ቴሬሳ አማቢሌ 1982 ያቀረበችውን መንገድ ነው የሚመርጠው፣ ማለት በዘርፉ የበሰሉ ሰዎች ሳይመካከሩ እያንዳንዳቸው ስራውን አይተው ለፈጠራው ነጥብ ይሰጣሉ፣ ነጥባቸው ከተቀራረበ ይታመናል። ለኛ ሲተረጎም የማስተማር ልምምድ የሚከታተሉ ሜንተሮች የትምህርት እቅዱን የማን እንደሆነ ሳያውቁ ይዩት ነው። ጊዜ ያለው ሜንተር ከየት ይመጣል የሚለውን ዘለለው።

7ኛ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን። ሒሳብ የሚያስተምሩ እጩዎችን የምታሰለጥን መምህርት ናት፣ ጽሁፏ ረጅም ነው፣ ነጥብም ኮማም ብዙ የለውም፣ ግን ከክሩ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ችግር ብላ የምትልከው ጥያቄ አይደለም፣ ፎቶ ነው። የአንድ ልጅ ደብተር፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ 1/2 + 1/3 = 2/5፣ ከስር አንዴ ተጽፎ የተፋቀ ሌላ ቁጥር በደብዛዛው ይታያል፣ 2/5ን ደግሞ ልጁ ሁለቴ አክብቦበታል። ከፎቶው ጋር ምንም ማብራሪያ የለም። ግሩፑን ትዘጋዋለች፣ ማንም መጻፍ አይችልም፣ እያንዳንዱ ሰው ለሷ ብቻ በግል ይልካል፣ ነገ ይሄን ልጅ ብታገኘው ምን ታደርጋለህ። የመጀመሪያው ዙር ላይ አብዛኛው የጋራ ታህት ደግሜ አስተምረዋለሁ ብሎ ነው የሚጽፈው። በማግስቱ የልጁን ድምጽ ትለቃለች፣ አጭር ቮይስ ናት። ልጁ እየሳቀ ነው የሚያስረዳው፣ መጀመሪያ ሁለት ፔናሊቲ መትቶ አንዱን አገባ፣ ከዛ ሶስት መትቶ አንዱን አገባ፣ በጠቅላላው ከአምስት ሁለት አግብቷል፣ ታዲያ የት ጋር ነው የተሳሳተው።

እዚህ ላይ እጩዎቹ ዝም አሉ ትላለች። ምክንያቱም ልጁ ስለ ፔናሊቲው የተናገረው እውነት ነው። የጋራ ታህት ብትደግምለት ሰምቶህ ይሄዳል እንጂ ጥያቄው አልተነካም። ለሁለተኛው ዙር አሁንም በግል ጻፉ፣ አሁን ግን የመጣው የተለያየ ነው። አንዷ ግማሽ ይዘህ ሌላ ነገር ስትጨምርበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል ብላ ልጁን ልትጠይቀው አሰበች፣ 2/5 ከ1/2 ያንሳልና። አንዱ ሁለት እኩል ወረቀት ቀድዶ አንዱን ለሁለት አንዱን ለሶስት አጥፎ ሊያሳየው ነው። አንድ ዝምተኛ ልጅ፣ ግሩፕ ላይ አንድም ቀን ጽፎ የማያውቅ፣ ፔናሊቲውን ሳይለቅ ቁጥሩን ብቻ ቀየረው፦ ስድስት ፔናሊቲ አለህ፣ የስድስቱን ግማሽ አገባህ፣ ሶስት ሆነ፣ ከዛ የነዛኑ የስድስቱን ሲሶ አገባህ፣ ሁለት ሆነ፣ ከስድስት ስንት ገባ? አምስት። 5/6። ልጁ የመጀመሪያውን ግማሽ ከሁለት፣ ሲሶውን ደግሞ ከሌላ ሶስት ላይ እንደወሰደ፣ መደመር ደግሞ ከአንድ ሙሉ ላይ መሆኑን በራሱ ኳስ አሳየው ማለት ነው። ሁሉም መልስ ከገባ በኋላ ነው ግሩፑን ከፍታ አንድ ላይ የምትለቀው፣ ክርክሩ ከዛ ይጀምራል፣ አንዳንዴ እሷ ሳትኖርበት ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል።

8ኛ። በጣም ኮስታራ መልስ ነው። ሒሳብ አስተያየት አይደለም፣ 2/5 ስህተት ነው፣ ልጁን በአንድ በኩል ልክ ነህ እያሉ ማባበል ነው ትውልዱን ያበላሸው ምናምን። 7ኛዋን መምህርት ነሽ ወይስ ሞግዚት አይነት ነገር ጨመረበት፣ ይሄ አላስፈላጊ ነበር።

9ኛ። 7ኛዋ መለሰችለት፣ ድምጿን ሳትቀይር። 2/5 ልክ ነው ያለ ሰው እንደሌለ፣ ልጁ ስለ ፔናሊቲው ልክ መሆኑንና ስለ ክፍልፋይ መደመር አለመሆኑን፣ እነዚህን ሁለቱን መለየት የማይችል መምህር ደግሞ ስህተት ነው ከማለት ሌላ የሚለው እንደሌለው ጻፈች። ከዛ ለ8ኛው አንድ ጥያቄ ተወችለት፣ እሱ ራሱ ልጁ ፔናሊቲውን ቢነግረው ቀጥሎ ምን ብሎ ሊመልስለት ነው? እስካሁን አልመለሰም።

ከ10ኛው እስከ 12ኛው ያለው ዝለሉት። አንዱ ደብተር ፎቶ ሲያነሳ ስለሚደበዝዝበት ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ የቱ እንደሆነ ጠየቀ፣ ሌላው የግሩፑ ቪዲዮ ስልኩን እንደሞላበት አማረረ፣ ሶስተኛው በራሱ ዳውንሎድ የሚያደርገውን ከሴቲንግ አጥፋው ብሎ ገላገለው። አስተዳዳሪው ወደ ርእሳችሁ ተመለሱ አለ።

13ኛ። 7ኛዋ ግሩፑን መዝጋቷ ለምን እንደሰራ ያብራራ ሰው ነው። በቡድን ተሰብስቦ ሀሳብ ማፍለቅ ይበልጣል የሚባለው 1958 አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቴይለር፣ ቤሪና ብሎክ ሲፈትሹት ተገልብጦ ነው የተገኘው፣ ለየብቻ አስበው ሀሳባቸው በኋላ የተደመረላቸው ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ካሰቡት በልጠዋል። 1987 ደግሞ ዲልና ስትሮበ ምክንያቱን ሲፈልጉ ትልቁ ተራ መጠበቅ ሆኖ አገኙት፣ ሌላው ሲያወራ አንተ ሀሳብህን ወይ ትረሳዋለህ ወይ ትተወዋለህ። ግሩፕ ላይ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁሉም እኩል መጻፍ ይችላል፣ ግን የመጀመሪያውን መልስ ካነበብክ በኋላ ጭንቅላትህ እዛው መንገድ ላይ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ስልኩ አንዱን እንቅፋት ሲያነሳ ሌላውን አስቀመጠ። እኔ አውራ ጣት፣ አውራ ጣት ያልኩት እሱ ነው አለ። ልክ ነው መሰለኝ።

14ኛ። እዚህ ጋ ነገሩ ሞቀ። ሰውዬው 2006 ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ ያወጡትን ጽሁፍ ይዞ መጣ፣ ጀማሪ ሰው ያለ በቂ መሪ ችግር ውስጥ ሲጣል ትንሿ የስራ ማህደረ ትውስታው፣ ማለት ለጊዜው የሚያስበውን ነገር የሚይዝበት አቅም፣ ፍለጋ ላይ ያልቅና የሚማረው ነገር አይተርፈውም፣ ለጀማሪ የሚሻለው በደንብ ተሰርቶ የሚታይ ምሳሌ ነው። እጩ መምህር ጀማሪ ነው፣ አለቀ ደቀቀ። እስከዚህ ድረስ በሙግት ደንብ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን ችግር ተኮር ትምህርት የሚሉ ሰዎች ማስተማር የሰለቻቸው ናቸው፣ ፎቶ ልኮ መተኛት ነው የሚፈልጉት አለ፣ እስከዛ እርሶ ሲለኝ የነበረው ሰው አንተ ወደ ማለት ገባ።

15ኛ። መልሱ ወዲያው መጣ። በዓመቱ 2007 ህሜሎ ሲልቨር ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ለዛው ጽሁፍ መልስ እንደሰጡ፣ ችግር ተኮር ትምህርት መሪ የሌለው ነው መባሉን እንዳልተቀበሉት፣ ደጋፊ ጥያቄ፣ በመጠን የሚለቀቅ መረጃና ሀሳብ የሚያስነግር አመቻች እንዳለው ጻፈ። የ7ኛዋን ነው ምሳሌ ያደረገው፣ ፎቶው አንድ ቀን፣ ድምጹ ሌላ ቀን፣ ያ ምሪት ነው እንጂ መተኛት አይደለም። መጨረሻ ላይ 14ኛውን ያነበብከው ርእሱን ብቻ ነው ብሎ ወጋ አደረገው።

16ኛና 17ኛ። አንዱ የማን ዲግሪ ከየት እንደሆነ የሚያወራ ነው፣ አንዱ ተሰርዟል። ሳይሰረዝ በፊት አንብቤው ነበር፣ መሰረዙ ይሻላል።

18ኛ። በክሩ ውስጥ ብቸኛው እጩ መምህር ይሄ ነው፣ በመምህራን መሀል ስለገባሁ ይቅርታ ብሎ ነው የጀመረው። ከዛ ግን አልማረንም። መምህር የሌለበት ሌላ ግሩፕ እንዳላቸው፣ እውነተኛው ሀሳብ፣ ቀልዱም ጭምር፣ እዛ እንደሚወራ፣ ዋናው ግሩፕ ላይ የሚጻፈው ማርክ የሚያመጣው ብቻ እንደሆነ ነገረን። አንድ ጓደኛው አንዴ ወጣ ያለ ሀሳብ ጽፎ ኢንስትራክተሩ ጥሩ ነው ግን ከሞጁሉ ጋር አያይዘው ብሎ ከመለሰለት ወዲህ ሁሉም ሞጁሉን ከፍቶ ነው የሚጽፈው። ሩብሪኩ (የማርክ መስጫ ሰንጠረዡ) ላይ ፈጠራ የሚል መስመር አለ፣ አምስት ማርክ ነው፣ ግን ማንም ሲቀነስበትም ሲጨመርለትም አላየም፣ ሁሉም አራት ነው የሚያገኘው። ዳታ ያለው ሰው ቀድሞ ይመልሳል፣ ማታ ብቻ ኢንተርኔት የሚያገኘው ሲገባ ሁሉ ነገር ተጠናቋል። ይሄን ያነበበ መምህር ሁሉ ዝም ብሎ ነው ያለፈው፣ ላይኩ ግን ከክሩ ሁሉ ይበልጣል። እኔ የጠየቅኩት ስለ ስልክ ነበር፣ እሱ የመለሰው ስለ ማርክ ነው፣ ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን ያሳየኝ ግን የአንድ ፕሮፌሰር ጽሁፍ አይደለም።

19ኛ። መልሶቹ አንድ አይነት የሆኑበትን ሌላ ምክንያት ያነሳ ነው፣ ቻትጂፒቲ። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ጥያቄውን ገልብጦ የሚለጥፍ ሁሉ ተመሳሳይ ዝርዝር ነው የሚያገኘው፣ በነጥብ በነጥብ፣ ማጠቃለያ ያለው። ይከልከል አላለም፣ መከልከል አይቻልምም አለ። ያለው ነገር ችግሩ ለአጠቃላይ መልስ የማይመች ይሁን ነው፣ የዚህ ልጅ ድምጽ፣ የዚህ ልጅ ደብተር፣ ከዛ ደግሞ እጩው ያሰበውን ልምምድ በሚወጣበት ክፍል ሞክሮ ምን እንደተፈጠረ በቮይስ ይላክ፣ ልጁ ምን ብሎ እንደመለሰለት ማሽኑ አያውቅም። ሁለተኛ ዙር ላይ ከማሽኑ ያመጣውንም መልስ አብሮ አስቀምጦ የት ጋ እንደማይሰራ ማሳየት ራሱ ጥሩ ስራ ነው።

20ኛ። ቆይ ቆይ ያለች ሰው። የልጆች ደብተርና ድምጽ በየስልኩ ሲዞር ወላጅ ያውቃል ወይ፣ ስም ደብተሩ ላይ ተጽፎ ይታያል፣ ድምጽ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ይለያል፣ አንዱ ለቀልድ ወደ ሌላ ግሩፕ ቢወረውረው ማን ነው የሚጠየቀው። 7ኛዋ ከወላጅም ከትምህርት ቤቱም ፈቃድ እንደምትወስድ፣ ስሙን እንደምትሸፍን፣ ግሩፑ ላይም ወደ ሌላ መላክና ሴቭ ማድረግ የሚከለክለውን ሴቲንግ እንደምታበራ መለሰች፣ ግን ስክሪኑን በሌላ ስልክ የሚቀርጸውን ማስቆም እንደማትችል አልደበቀችም። 20ኛዋ ድምጹን ሌላ ሰው ቢያነበውስ አለች። ያ ደግሞ ሳቁን ያጠፋዋል አለች 7ኛዋ። እዚህ ላይ አልተስማሙም፣ እኔ ወደ 20ኛዋ አደላለሁ፣ ሳቁ ቢጠፋም ይጥፋ።

21ኛ። የስልክ ደጋፊ ነው ግን በሌላ ምክንያት። ግራሃም ዋላስ ገና 1926 አዲስ ሀሳብ የሚመጣበትን መንገድ በአራት ሲከፍለው ሁለተኛው ችግሩን ትቶ ሌላ ነገር እየሰሩ ማብሰል ነው። ክፍለ ጊዜ ያንን አይሰጥም፣ ደወል አለ። ስልክ ግን ችግሩን ኪስህ ውስጥ አድርጎ ታክሲ ላይም አልጋ ላይም ይዞህ ይዞራል፣ ጥቅሙ ፍጥነቱ ሳይሆን መዘግየት መቻሉ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ይለቀቅ፣ እስከ ቅዳሜ መልስ መላክ አይቻልም ይባል። ሌላ ሰው ከስር ሐሙስ የተለቀቀ ነገር ቅዳሜ ማታ ነው የሚከፈተው ብሎ አሳቀን።

22ኛ። 14ኛው ተመለሰ፣ ረጋ ብሎ። የዲግሪውን ነገር አላነሳም። የጠየቀው 7ኛዋን ነው፣ ያ ዝምተኛ ልጅ ስድስትን ከየት አመጣው? ስድስት የሁለትና የሶስት የጋራ ብዜት መሆኑን አስቀድሞ በደንብ ባያውቅ ኖሮ ፔናሊቲውን ወደ ስድስት ይቀይረው ነበር? ፈጠራው የተቀመጠው እውቀቱ ላይ ነው፣ ያንን ደግሞ የሆነ ሰው አስተምሮታል። 7ኛዋ ተስማማች፣ ፎቶውን የላከችው የክፍልፋይ ሞጁል ካለቀ በኋላ እንደሆነ፣ ከዛ በፊት ለሌላ ክፍል ልካው ጉንጭ አልፋ ክርክር ብቻ እንደሆነባት ጻፈች። ስለዚህ እንደ 2ኛው ሰው ችግሩ ሁሌ ከትምህርቱ ይቅደም ማለት አይመቻትም። 2ኛው እዚህ ጋ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አልመጣም።

23ኛው የኔ ነው። የተባለውን ይዤ አዲስ ችግር ለቀቅኩ፣ ግሩፑ ተዘግቷል፣ መልስ በግል ነው፣ ማርክ የለውም። አንድ ተማሪ የሳለው ስእል ነው፣ ስሙ ተሸፍኗል፣ ጸሀይ፣ መሬትና ጨረቃ በአንድ መስመር፣ የመሬት ጥላ ጨረቃዋን ግማሽ ሸፍኗታል፣ ከስር ጨረቃ ግማሽ የምትሆነው በዚህ ነው ይላል። የገቡት መልሶች በእርግጥ የተለያዩ ናቸው፣ ግን ብዙዎቹ ልጁ ልክ ነው፣ ስእሉን ላሳምርለት ነው የሚሉት። የመሬት ጥላ ግርዶሽ እንጂ ግማሽ ጨረቃን እንደማይሰራ እጩዎቹ ራሳቸው አያውቁም። ስለዚህ ክሩ ላይ ጠየቅኩ፣ አሁን መጀመሪያ አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ጨረቃ ላስተምር ወይስ ችግሩን ልቀጥል?

24ኛ። 5ኛዋ እህት ናት። አታስተምር አለች። ጨረቃ እየሞላች ሄዳ ግማሽ በምትሆንበት ሳምንት ከሰአት በኋላ ውጭ ወጥተው ጨረቃዋን በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ ጸሀይዋ የት ጋ እንዳለች በቮይስ ይናገሩ። ሁለቱም ሰማይ ላይ ናቸው፣ ጨረቃዋ ከፊታቸው ከሆነች ጸሀይዋ በጎናቸው በኩል ናት፣ መሬት ደግሞ ከእግራቸው ስር። ጥላው እንዴት አርጎ ነው እዛ የሚደርሰው? እሱን ሲያስቡ ይዋሉ፣ ከዛ ለልጁ ምን እንደሚሉት ይጻፉ። ስልኩ እዚህ ጋ ነው የሚያስፈልገው፣ ሌክቸር ክፍል ውስጥ ከሰአት ላይ ጨረቃ የለም።

25ኛ። 14ኛው ነው። ደመና ከሆነስ ብሎ ጠይቋል።